ለጀልባዬ ሳንቃ ፍለጋ፦ ከአራት ኪሎ እስከ መርካቶ

ሰኞ

ከባቱ የተነሳሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ቃሊቲ መናኸሪያ ስገባ 3 ሰዓት አልሞላም። በጆንያ የጠቀለልኩትን አሮጌ ሳንቃ ከመኪናው ጣሪያ አወረዱልኝ። ተሸክሜው ወደ ለገሃር የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ አየት አደረገኝና፣ «እህቴ፣ የበር ነው የመስኮት?» አለኝ።

«የጀልባ ነው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ጎተራ ድረስ ታክሲው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጓደኛዬ ላንጋኖ ላይ አንዲት ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ አለችን። ርዝመቷ 4 ሜትር ነው። መሃሏ ላይ ጠባብና ረዘም ያለ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ከታች ክፍት ነው። ሴንተርቦርድ የሚባለው ሳንቃ ወደ ውሃ የሚወርደው በዚያ ክፍተት ነው። አንዱ ጫፉ በቡሎን ተይዟል። ገመዱን ለቅቀህ ወደ ታች ስትገፋው ወርዶ ቀጥ ይላል፤ ስትስበው ወደ ኋላ ታጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። የእኛው ብዙ አገልግሏል። ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ተጣሟልም። አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። ሳይወርድ ከቀረ ወደ ነፋሱ መሄድ አይቻልም። ወርዶ እምቢ ካለ ደግሞ ዳር መድረስ አይቻልም።

ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት ዞር ብለው፣ «ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ነው አይደል የሚወርደው?» አሉኝ።

ይሄን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ላንጋኖ መጥተው ከእኛ ጋር የሚሳፈሩ ጓደኞቼም ነፋሱ በርታ ሲል መጀመሪያ የሚጮሁት «ሳንቃውን አውርጂው!» እያሉ ነው። ትልልቆቹ የባሕር ጀልባዎች ከሥራቸው የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት ስላላቸው እሱ ቀጥ አድርጎ ያቆማቸዋል። የእኛ ግን እንጨት ነው። እንጨት ይንሳፈፋል እንጂ ጀልባ ወደ ታች አይጎትትም። ትንሿን ጀልባ ከመገልበጥ የሚያድናት የሰው ክብደት ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጠርዙ ላይ ወጥተህ ትቀመጣለህ፤ ካልበቃህ ሸራውን ታላላለህ። የሳንቃው ሥራ ሌላ ነው። ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው መቼ እንደሚያወርደውና መቼ እንደሚያነሳው አይጠፋውም። ነፋሱ ወደ ጎን እየገፋኝ ነው? ይውረድ። አይገፋኝም? ይነሳ። በመሃል ያለው ሁሉ «ምን ያህል?» የሚል ጥያቄ ነው።

አባትዬው መስቀል አደባባይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» አሉ። ሲወርዱም፣ «ታዲያ ሰውየው ነው ክብደቱ!» እያሉ ነበር። ገብቷቸዋል።

የማርፈው ግንፍሌ፣ አክስቴ ቤት ነው። ሳንቃውን በር ላይ ስታየው ምንም አልጠየቀችኝም። «መጀመሪያ ብዪ» ብላ ሽሮ አቀረበች።

ማክሰኞ

ፒያሳን ካየኋት ቆይቻለሁ። ዶሮ ማነቂያ የለም። ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና አዳዲስ መብራት መጥቷል፣ የማውቃቸው ጥጋጥጎች ግን ሄደዋል። ድሮ የማውቀው አናጢ ቤትም ቦታው ላይ አልነበረም። ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ሊስትሮ ጠየቅኩ። ወደ ሰባራ ባቡር አሳየኝ፤ «ገባ ብለሽ መጋዝ ስትሰሚ እዚያው ነሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያገኘሁት በድምፁ ነው።

አናጢው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። ጋሼ እያልኩ ነበር የማወራቸው። አሮጌውን ሳንቃ ከጆንያው አውጥተው ጠረጴዛቸው ላይ አጋደሙት። በጣታቸው አንኳኩት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠርዙን ዳር ለዳር አዩት።

«ዋንዛ ነው፤ እንጨቱ ጥሩ ነበር። ችግሩ ከአንድ ወጥ ጣውላ ነው የሠሩት። ወጥ ጣውላ ውሃ ሲያገኝ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል።»

የእሳቸው ዘዴ ጣውላውን በቁመቱ 5 እና 6 ሳንቲ ሜትር እያደረጉ መሰንጠቅ ነው። ከዚያ አንዱን አገላብጦ ከሌላው ጋር መለጠፍ። አንዱ ወደ ቀኝ ልጉበጥ ሲል ሌላው ወደ ግራ ይስበዋል። ይሄን ሲነግሩኝ ቦታ እንዳገኘሁ አወቅኩ።

ከዚያ የእሳቸው ጥያቄ ተራ ሆነ። «እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፤ መቼ ነው የሚወርደው፣ መቼ ነው የሚነሳው? ሁሌ ወርዶ የሚቀመጥ ከሆነ ውፍረቱን ጥብቅ አድርጌ እሠራዋለሁ። ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ግን መተንፈሻ መተው አለብኝ።»

ባለሙያ እንዲህ ነው የሚጠይቀው። የሳጥኑ ውስጥ ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ሳንቃው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሁን ተባባልን። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 30። ግን ጥያቄያቸውን በወሬ ብቻ መመለስ አልፈለግኩም።

ተለማማጁ ልጅ ሳፋ ውሃ ሞልቶ አመጣ። ከወዳደቀው ቁርጥራጭ መዳፍ የምታክል ጠፍጣፋ እንጨት መረጥን። ልጁ አንዱን ጫፍ አሾለው። መሃሏን በመጋዝ ሰነጠቅን። የጥርስ እንጨት ተክለን የካርቶን ሸራ ሰያፍ አድርገን አቆምን። ሳፋው ላይ አስቀመጥኳትና ልጁን ከጎኗ «እፍ በልባት» አልኩት። እፍ አለ። ጀልባዋ እንዳለች በጎኗ ተንሸራትታ ሳፋውን ገጨች።

ከዚያ በስንጥቋ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ ወደ ታች ሰካሁባት። «አሁንም እፍ በል።» ከዚያው ከጎኗ እፍ አለ። አሁን ግን ወደ ፊት ሄደች! ትንሽ ወደ ጎን ሸሸት አለች እንጂ ወደ ፊት ነው የሄደችው። ልጁ ደግሞ ደጋግሞ እፍ አለባት። ጋሼ መላጊያቸውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ።

«እንደ ማረሻ በይኛ! ካልገባ አይዝም፣ አብዝቶ ከገባ በሬው ይደክማል።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ብዬ አላውቅም። የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፤ ከአናጢነት በፊት ገበሬ ነበሩ።

ቡና ተጠራ፤ እየጠጣን ቀጠልን። ጀልባ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ መሄድ አትችልም። ከነፋሱ 45 ዲግሪ ገደማ ዘወር ብላ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየተጠማዘዘች ነው ወደ ላይ የምትወጣው። በዚያን ጊዜ ሸራው የሚይዘው ኃይል አብዛኛው ወደ ጎን የሚገፋ ነው። ወደ ፊት የሚሄደው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሳንቃው ሙሉ በሙሉ ይወርዳል፤ አንድ ሳንቲም አይቀርም። ነፋሱ ልክ ከጎን ሲሆን ግማሽ ይበቃል። ከጎን አልፎ ወደ ኋላ ሲያደላ ሩብ ወይም ሲሶ። ልክ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ወደ ጎን የሚገፋ ነገር ስለሌለ ሳንቃው ውሃ ከመጎተት በቀር ሥራ የለውም። ያን ጊዜ ይነሳል፤ ትንሽ ጫፍ ብቻ ይተዋል።

«ስንት ጊዜ ወጣ ገባ ይላል በቀን?» አሉ ጋሼ።

«አቅጣጫ በቀየርን ቁጥር።»

«እንግዲያው መተንፈሻ ይፈልጋል» አሉና በእርሳስ ጻፉ።

ረቡዕ

መርካቶ። ጋሼ የራሳቸውን ነጭ ኮላ ሊጠቀሙ ነበር። ለቁም ሣጥን ጥሩ ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን ይለቃል። ስለዚህ ውሃ የማያስለቅቀው ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት ጣሳ ነው፣ ተደባልቆ ነው የሚሠራው። አንዱ ሱቅ «ያው ነው» ብሎ ሌላ ነገር ሊሰጠኝ ሞከረ። ጣሳው ላይ ያለውን ሳታነቡ አትግዙ።

ከዚያ ቶርኖ ቤት ገብቼ ሳንቃው የሚንጠለጠልበትን ቡሎን አስቆረጥኩ። የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። ተራ ብረት ዝጎ እንጨቱን ይበላዋል። ከግራና ከቀኙ ሮንዴላ ገዛሁ። ሳንቃው ሳጥኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዳይላጋ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ምናለሽ ተራ ላይ ደግሞ አሮጌ የጎማ ላስቲክ አገኘሁ። ይሄ ከሳጥኑ አፍ ሥር በሁለት በኩል የሚለጠፍ ነው። ሳንቃው ሲወርድ ከንፈሩን ከፍቶ ያሳልፈዋል፤ ሲነሳ ይገጥማል። ላስቲኩ ከሌለ ክፍተቱ ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ ጀልባዋን ይጎትታታል። ሻጩ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ቀረ፤ ምናለሽ ተራ ላይ ማንም ለምን አይልም።

ማታ ላይ ጋሼ ለጠፉት። በማሰሪያ ብረት ጥርቅም አድርገው አስረው አሳደሩት።

ሐሙስ

ጠዋት መብራት ሄደ። ማሽኑ ቆመ። ጋሼ ግን የእጅ መላጊያቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ለእኔ እንዲያውም ይሄ ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ቅርጽ በእጅ ሲሆን ነው የሚያምረው።

ሳንቃው ጠፍጣፋ ብቻ መሆን የለበትም። ከፊት በኩል ያለው ጠርዝ ክብ ይሆናል። ከፊቱ ሲሶ ያህል ላይ ውፍረቱ ከፍተኛ ይሆንና ከዚያ ወደ ኋላ እየሳሳ ይሄዳል። የኋላው ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ውሃው ሳይረበሽ አልፎ እንዲገጥም ነው። የኋላው ጠርዝ ወፍራም ወይም ጎርበጥባጣ ከሆነ ጀልባዋ ፈጠን ስትል ሳንቃው «ሁምምም» እያለ ይዘፍናል። ያን ድምፅ ስትሰሙ ብርጭቆ ወረቀት ያዙ።

ጋሼ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር የሚልጉት። ሦስት አራት ጊዜ ይልጋሉ፣ ይዳስሳሉ፤ ደግሞ ይልጋሉ። ቅርፊቱ ስስ ሆኖ እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ይወድቃል። ዋንዛው ሲላግ የሚሸተው ሽታ ቤቱን ሞላው።

ተለማማጁ ልጅ የባሕር ዳር ልጅ ነው። «የእኛ ታንኳ ይሄ የለውም» አለ። ልክ ነው። የጣና ታንኳ ደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው፤ ከሥሩ ወደ ውሃ የሚገባ ነገር የለውም። በዘንግና በመቅዘፊያ ነው የሚሄደው፣ ነፋስ ከጎን ከመጣበት ይሸሻል። አጎቱ ሁሌ በማለዳ ይወጣ እንደነበር ነገረኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ። ስለ ደንገል ከተነሳ አንድ ነገር ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ራ የተባለችውን የደንገል ጀልባ ግብፅ ውስጥ ሲያሠራ ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነው። ልጁ አላመነኝም፤ ማታ አጎቱን ስልክ ደውሎ ሊጠይቅ ነው።

ነፋስ ወደ ጎን የመግፋቱን ነገር ሰው ሁሉ በየአገሩ ታግሎታል። በደቡብ አሜሪካ በኢኳዶርና በፔሩ ባሕር ዳርቻ ግንድ ለግንድ አስረው በሚሠሩት ታንኳ ክፍተቶች መሃል ሳንቃ ይሰኩ ነበር። የፊቱን አንስተው የኋላውን በማውረድ አቅጣጫ እስከመቀየር ደርሰዋል። ሆላንዶች ከጀልባው ውጭ በግራና በቀኝ ሰቀሉት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ጆን ሻንክ እ.ኤ.አ. በ1774 ቦስተን ውስጥ ከሥር የሚወርድ ሳንቃ ያላት ትንሽ ጀልባ አሠራ። በ1811 ደግሞ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ስዌይን የሚባሉ ቤተሰቦች በቡሎን ላይ የሚታጠፈውን የፈጠራ መብት አወጡበት። ጋሼ ዛሬ በሰባራ ባቡር የሚልጉት የእሱን ዘር ነው።

ከሰዓት በኋላ ወሬያችን የነፋስ ከኋላ ጉዳይ ላይ ወደቀ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ትንሽ ላርዝመው።

ነፋስ ከኋላ ሲሆን ሳንቃውን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ጀልባዋን ያፈጥናታል። ነገር ግን ጀልባዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዝ ትጀምራለች፤ ውሃው ውስጥ የሚያረጋጋት ነገር የለምና። ልምድ ያለው ሰው ይችለዋል። ጀማሪ ግን ሩብ ወይም ሲሶ ይተው። ቀስ ቢል ይሻለዋል። ነፋሱ እጅግ ከበረታ ደግሞ ሲሶውን ያስቀምጥ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያውርደው። ለምን? ነፋስ ከኋላ ሆኖ ሸራው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚወረወርበት ጊዜ አለ። በዚያች ቅጽበት ጀልባዋ በኃይል ወደ ጎን ትገፋለች። ሳንቃው ሙሉ ወርዶ ከሆነ ውሃው ሥሯን አጥብቆ ይይዛታል፣ ላይዋ ግን ይሄዳል። ተደናቅፋ ትገለበጣለች። ሳንቃው ሲሶ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ጎን ሸርተት ብላ ታመልጣለች። «ነፋስ ሲበረታ አውርጂው» የሚለው ጩኸት አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ነፋሱ ስትወጣ እንኳ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጠህም ሸራውን አላልተህም አሁንም ከበዛብህ፣ ሳንቃውን ጥቂት አንሳው። ሲነሳ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ መያዣ ነጥቡም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ልታዞር የምታደርገው ትግል ይቀንሳል። መሪው እጅህ ላይ ሲቀልልህ ይታወቅሃል።

ጋሼ ሁሉንም ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ፣ «ታዲያ ሳንቃው ስንት ላይ እንዳለ በምን ታውቂያለሽ? ውሃ ውስጥ አይደል?» አሉ። ይሄ ጥያቄ እስከ ቅዳሜ ቆየ።

አርብ

ጋሼ የኢፖክሲ ሽፋን ቀቡት። ብርድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። እዚያ ቆሜ ማየት አያደርቀውም። ፒያሳ ላይ በያይነቱ በልቼ በእግሬ ወደ ታች ወረድኩ፣ ወዳጅነት ፓርክ ገባሁ።

ሰው ሠራሹ ሐይቅ ዳር ተቀመጥኩ። ልጆች ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ የማየው የውሃውን ፊት ነው። ነፋስ ሽው ሲል የውሃው ፊት በአንድ በኩል ጠቆር ይላል፣ ጥቁረቱም እየተጓዘ ይመጣል። ላንጋኖ ላይም እንዲሁ ነው። ጥቁረቱን ከሩቅ ያየ ሰው ለመዘጋጀት ጊዜ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ጀልባ የሚጻፈው አብዛኛው በባሕር ጠለል ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ላንጋኖ 1,580 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ከ14 እስከ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራውን የሚገፋው በዚያው ልክ ባነሰ ኃይል ነው። ስለዚህ የነፋስ ፍጥነት ቁጥር ተይዞ «በዚህ ላይ ይህን ያህል አንሳ» የሚለው ለእኛ ልክ አይመጣም። ቁጥሩን ተውትና ጀልባዋን እዩ። ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ በውሃው ላይ የተዋችሁትን መስመር ተመልከቱ። መስመሩ ከጀልባዋ ጋር ቀጥ ያለ ከሆነ አልተንሸራተታችሁም። ወደ ነፋሱ መምጫ በኩል ዘንበል ብሎ ከቀረ እየተገፋችሁ ነው፤ ሳንቃው ይጨመር። ከዚህ የሚበልጥ መለኪያ የለም።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ጓደኛዬ ደወለልኝ። የሚያሳስበው ዳር መውጣቱ ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ሥሩ አይታይም፣ ዳሩም ረጅም መንገድ ጥልቀት የለውም። እዚህ ላይ በቡሎን የሚታጠፈው ሳንቃ ጥቅሙ ብዙ ነው። አሸዋውን ሲነካ ራሱ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ «ድም» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ገመዱም ይላላል። ጥልቀቱን የሚነግረን እሱ ነው። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚሰካው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ያቆማትና ሳጥኑን ይሰነጥቀው ነበር።

ነፋሱ ወደ ዳር የሚነፍስ ከሆነ ቀላል ነው፤ ሳንቃውን አንስተን በነፋሱ እንገባለን፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን የመሪውንም ምላስ እናነሳለን። አስቸጋሪው ነፋሱ ከዳር ወደ ሐይቁ ሲነፍስ ነው። ያን ጊዜ ወደ ነፋሱ እየወጣን ስለሆነ ሳንቃው ያስፈልገናል፣ ዳሩ ደግሞ አይፈቅድልንም። እስከ መጨረሻው አቆይተን እናነሳዋለን፣ ወዲያው ዘለን ወርደን ጀልባዋን እንይዛታለን። ነፋሱ ወደ ዳር እየነፈሰ ስንነሳም ችግሩ ያው ነው። በሸራ ብቻ መታገል አያዋጣም። ወገብ እስኪደርስ ገፍተን አስገብተን፣ ሳንቃውን አውርደን ነው የምንሳፈረው። ጀልባዋ ዳር ላይ ከተጎተተች በኋላ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን አሸዋና ጠጠር ማጠብ አይረሳ። አንዲት ጠጠር ሳንቃውን ትቀረቅረዋለች።

ማታ አክስቴ ሥዕል ሣዪልኝ አለችኝ። አሁን ሁሉን ታውቃለች።

ቅዳሜ

ሳንቃው ደርቋል። ለስልሶ፣ ማር መስሎ። ጋሼ ግን አልሰጡኝም። «ሰው ይቆምበታል ወይ?» አሉ።

ይቆምበታል። ጀልባ ሲገለበጥ ሳንቃው ከሆዷ ተዘርግቶ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ወጥተህ በክብደትህ ነው የምትመልሳት። ሳንቃው ተነስቶ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ግን የምትቆምበት የለም። ነፋስ ከኋላ ይዛ ስትገለበጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ስለዚህ አንደኛው ሰው ከውስጥ በኩል ሄዶ ሳንቃውን ወደ ውጭ መግፋት አለበት፤ ተመልሶ እንዳይገባም ገመዱን ይያዝ። የሚቆመው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ጥጉ ጋ፣ ከጀልባዋ ሆድ አጠገብ ይቁም። ጫፉ ላይ ከዘለለ ይሰብረዋል።

ጋሼ የሳንቃውን አንድ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ በብረት አሰሩት፤ ሌላው ወደ ውጭ ተዘርግቶ ቀረ። ልጁን «ውጣ» አሉት። ጥጉ ላይ ቆመ፤ ምንም። እየተጠጋ ወደ መሃል ሄደ፤ ለጠጥ አለና ተመለሰ። ልጁ ፈገግ አለ። ጋሼ ከሥር ጎንበስ ብለው መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። አንድም አልተከፈተም። «አሁን ውሰጂው» አሉ።

የሐሙሱ ጥያቄያቸው ቀርቶ ነበር። መልሱ ገመዱ ላይ ነው። ሙሉ ሲወርድ ገመዱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቀይ ክር ጠመጠምን፤ ግማሹ ላይ ቢጫ፣ ሩቡ ላይ ነጭ። እጅ ሲስበው ዓይን ሳይፈልግ እንዲታወቅ እያንዳንዱ ክር ላይ ቋጠሮ አደረግን። እንጨቱ ወደ ላይ መንሳፈፍ ስለሚፈልግ ወርዶ የሚይዘው ሌላ ገመድ ጨመርን፤ መሬት ሲነካ እንዲለቅ ግን ጠበቅ ያለ ላስቲክ ነው እንጂ ጥብቅ ቋጠሮ አይደለም።

ጋሼ የመጨረሻ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ጀልባዋ በመኪና ስትጫንስ?»

«ይነሳና ይታሰራል። በቡሎኑ ብቻ ተንጠልጥሎ መንገድ ላይ ከተንገጫገጨ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።»

«እሱንም ጻፊላቸው» አሉ።

ልጁ እስከ ፒያሳ ታክሲ ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ። አጎቱ ስለ ደንገሉ ጉዳይ እውነት ነው ብሎታል፤ ሲጫን ያዩ ሽማግሌዎች እንደነበሩም ነግሮታል። ቃሊቲ ላይ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲጭኑት በጎኑ ሳይሆን ተጋድሞ፣ ከሥሩ ጆንያ ተነጥፎለት እንዲታሰር ለመንኳቸው። ሳይከራከሩ አሰሩልኝ። ሰኞ ጠዋት ሮንዴላዎቹን አስገብተን እንሰቅለዋለን፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ መጀመሪያ የምንሞክረው ወደ ነፋሱ መውጣትን ነው፣ በቀዩ ክር።